ቦምቡ ሲፈነዳ ምስሉ ለምን ዘለለ?

ጥያቄ፦ ክቡራን አዘጋጆች፣ በደብረ ማርቆስ የታሪክ መምህር ነኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ስለ ሚድዌይ ውጊያ የተሠራውን አጭር ዘጋቢ ፊልም ለተማሪዎቼ ባሳየሁ ጊዜ፣ ቦምብ ሲፈነዳ ምስሉ ከቦታው ሲዘልል አይተው «ብልሽት ነው ወይስ ሆን ተብሎ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ደግሞስ የባሕር ውጊያ እየተባለ መርከቦቹ ሲዋጉ የማናየው ለምንድን ነው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ዝላዩ ብልሽት ነው፤ ያደረሰው ግን ፍንዳታው ራሱ ነው። ግንቦት 27 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ ከወጣ ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ መሆኑ ነው፣ የጃፓን አውሮፕላኖች በፓስፊክ ውቅያኖስ ያለችውን የአሜሪካ ይዞታ የሚድዌይን ደሴት ሲደበድቡ የፊልሙ ዳይሬክተር ጆን ፎርድ በኃይል ማመንጫው ጣሪያ ላይ ሆኖ በ16 ሚሊሜትር የቀለም ፊልም ይቀርጽ ነበር። በዚህ ዓይነቱ ካሜራ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጥፍር በፊልሙ ጠርዝ ቀዳዳዎች እየገባች እያንዳንዱን ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ወደ ታች ትስባለች፤ ፍሬሙም ከሌንሱ ኋላ ለቅጽበት ቆሞ ብርሃን ይቀበላል። ፍንዳታው ካሜራውን ሲያናውጠው ፊልሙ ከቦታው ይንሸራተትና የፍሬሙ ጠርዝ ሳይቀር በምስሉ ውስጥ ይታያል። ፎርድ ራሱ ክንዱን በፍንጣሪ ቆስሏል። እነዚያን የተበላሹ ፍሬሞች ቆርጦ መጣል ሲቻል በፊልሙ ውስጥ መተዋቸው፣ በእኔ እምነት፣ ከሥራው ሁሉ የላቀው ውሳኔ ነው።

ስለ መርከቦቹ ተማሪዎችዎ በትክክል አስተውለዋል። የጃፓንና የአሜሪካ መርከቦች በዓይን አልተያዩም፤ የተዋጉት በአውሮፕላኖቻቸው ነው። ጃፓኖች ወደ ደሴቲቱ አውሮፕላን የላኩበት ርቀት እንኳ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ካለው መንገድ ይበልጣል። በመሆኑም የጃፓን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የአካጊ፣ የካጋ፣ የሶርዩና የሂርዩ መስመጥ ከዚያ ጣሪያ የሚታይ አልነበረም፤ አሜሪካኖች ያጡት አውሮፕላን ተሸካሚ ዮርክታውንም እንዲሁ። 18 ደቂቃ ገደማ በሚፈጀው ፊልም ውስጥ ሌሎች ቀራጮች በመርከብ ላይ ያነሷቸው ምስሎች ከደሴቲቱ ምስሎች ጋር ተሰፍተዋል፤ ካሜራው ድምፅ ስለማይቀዳ የፍንዳታው ጩኸት፣ ሙዚቃውና ተራኪዎቹ ኋላ በስቱዲዮ የተጨመሩ ናቸው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ፊልሙን ድምፁን አጥፍተው ደግመው ያሳዩአቸው፤ ምስሉ በዘለለ ቁጥርም አቁመው፣ ያን ጊዜ ካሜራው የት እንደነበረ ከተማሪዎችዎ ጋር ይነጋገሩበት።