ደረሰኝ የሌለው ቆራሌውና የቢሮ ወረቀታችን

እህቴ፣ ካዛንቺስ የምታስተዳድሪው ሕንፃ ላይ ቆሻሻ ለይቶ መልሶ ጥቅም ላይ ማዋል ለምን እንደማይዘልቅ ጠይቀሻል። ባለ ሦስት ቀለም ቅርጫት ገዝታችሁ፣ ስልጠና ሰጥታችሁ፣ ወር ሳይሞላው ሁሉም አንድ ገንዳ ውስጥ መገልበጥ ጀመረ አልሽ። እኔ ለገሃር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ጠቅላላ አገልግሎት ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

ሰው ሁሉ «የግንዛቤ እጥረት ነው» ይላል። እኔ አይዋጥልኝም። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ብረትና ጀሪካን ሲገዛ ማን ስልጠና ሰጠው? መርካቶ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትና እንደገና የሚሠራበት ምናለሽ ተራ ያለውን ሥራ አይተሽ የለ? የቢራና የለስላሳ ጠርሙስም ከነሳጥኑ ፋብሪካ ተመልሶ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ይሞላል። ባዶውን ካልመለስሽ ማስያዣ ትከፍያለሽ፤ ስለዚህ ጠርሙሱን ማንም አይጥለውም።

የእኛ ችግር ሒሳብ ክፍል ነበር። ወረቀታችንና ካርቶናችን ገዢ አጥቶ አያውቅም። ቆራሌው በር ላይ ቆሞ በኪሎ ስንት እንደምንል ይጠይቃል። ሒሳብ ክፍል ደግሞ «ደረሰኝ አለው?» ይላል። ከየት ያምጣ? መሥሪያ ቤቱ ማንኛውንም ነገር የሚያስወግደው በኮሚቴና በጨረታ ነው። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ብዙ ሲጠራቀም ነው። ሲጠራቀም መጋዘኑ ይሞላል፣ አይጥ ይገባል፣ እሳት ቢነሳስ የሚል ስጋት ይመጣል። በመጨረሻ አንዱ አለቃ ይሰለቸውና «አውጥታችሁ ጣሉልኝ» ይላል። ልብ በይ፣ እዚህ ውስጥ ያጠፋ ሰው የለም። ሁሉም መመሪያውን ነው ያከበረው።

ከዚህ ያወጣን የዓመት ውል ነው። ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ያለው ገዢ ፈልገን፣ ኮሚቴው በዓመት አንዴ ዋጋውን አጸደቀ፤ ገዢው በየሳምንቱ እየመዘነ ይወስዳል። ዋጋው ቆራሌው ከሚሰጠው ያነሰ ነበር። ይሁን ብለን ተቀበልነው።

ከወረቀቱ ቀጥሎ እርጥቡ ነው። ከአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው። የካፍቴሪያው ወጥና የቡና አተላ የነካው ወረቀት ማንም አይገዛውም። ስለዚህ ሦስት ቀለሙን ተዪውና በመጀመሪያ እርጥብና ደረቅ ብቻ ለዩ። እርጥቡን የት ትወስጂዋለሽ ካልሽኝ፣ እሱ ላይ አሪፍ መልስ የለኝም። መሃል ከተማ ኮምፖስት መሥሪያ መሬት የለም። ከዳር የሚመጣ ከብት አርቢ በጾም ሰሞን ትራፊውን ደስ ብሎት ይወስዳል፤ ፍስክ ሲገባ አጥንትና ሥጋ ይቀላቀልበታል፣ እሱም ይቀራል።

ቆሻሻ የሚሰበስቡትን ማኅበራትም አትቆጪያቸው። የጽዳት ክፍያው ከውሃ ቢል ጋር ነው የሚሰበሰበው፤ ለማኅበራቱ ሲከፈል የኖረው ደግሞ ባመጡት ቆሻሻ ልክ፣ በሜትር ኪዩብ ተሰልቶ ነው። ገንዳው ሲሞላ የሚከፈለው ሰው ለምን ይለይልሻል? የቀረው ሁሉ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ይሄዳል። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው የገደለበት ቦታ ነው። በ2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ቆሻሻ እያነደደ የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ተመርቋል፤ ግን በደንብ የሚነደው ወረቀትና ፕላስቲክ ነው፣ እኛ ለይተን ልንሸጠው የምንፈልገው ማለት ነው።

የሃይላንድ ላስቲኩ ብቻውን አያዋጣም። አንድ ጆንያ ሙሉ ሲመዘን ኪሎው ምንም አይሞላም፤ የመኪናው ኪራይ ይበላዋል። ከጎረቤት ሕንፃዎች ጋር አንድ ላይ ካላጠራቀማችሁ አትድከሙ።

ቅርጫት ከመጨመርሽ በፊት የሒሳብ ኃላፊሽን ቢሮ አንኳኪ። የውሉ ናሙና እኔ ጋ አለ፤ ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እልክልሻለሁ።