በሪትም ጊታሬ ላይ የማን እጅ አለበት?

«በአኮስቲክ ጊታር ሪትም አጨዋወታችሁ ላይ የማን እጅ አለበት?» ተብሎ ለተጠየቀው፣ እኔ ከሁሉም በፊት የምጠራው ፍሬዲ ግሪንን ነው።

ፍሬዲ እ.ኤ.አ. በ1937 የካውንት ቤዚን የጃዝ ኦርኬስትራ ተቀላቀለ። በ1987 እስኪሞት ድረስም ስሙ ከዚያ ባንድ ጋር ነበር። ያ ሁሉ ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን በሚጮህበት መሃል ያለ አምፕሊፋየር ይጫወታል። ሶሎ የወጣበትን (ብቻውን ጎልቶ የተጫወተበትን) ቀረጻ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ሥራው በየባሩ (ሙዚቃው በምት በሚከፈልበት በእያንዳንዱ ክፍል) አራት ምት መምታት ነበር፤ በቃ። ግን እንዴት ያለ ምት! ስድስቱንም ክር አያስጮህም። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ኖት፣ አንዳንዴም አንድ ብቻ ነው ጎልቶ የሚሰማው። ሌላውን በግራ እጁ ጣቶች ያፍነዋል።

ይህን በእጃችሁ ሞክሩት። ስድስተኛውን (በጣም ወፍራሙን) ክር ሦስተኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ በብረት የተለየው ክፍል) ላይ፣ አራተኛውንም እዚያው ሦስተኛው ላይ፣ ሦስተኛውን ክር ደግሞ አራተኛው ፍሬት ላይ ያዙ። ጂ ሴቨን የሚባለው ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖቶች) ነው። አምስተኛውን ክር ስድስተኛውን የያዘው ጣት በጎኑ ይንካው፤ ሁለቱ ቀጫጭን ክሮች ዝም ይበሉ። ከመታችሁ በኋላ የግራ እጃችሁን ላላ አድርጉ፣ ግን ከክሩ ላይ አታንሱ። ድምፁ ቁርጥ ይላል። ግሩቩ፣ ሰውነትን የሚያወዛውዘው ስሜት፣ ያለው እዚያ ቁርጥ የሚለው ቦታ ላይ ነው። እኔ ይህን ከያዝኩ ወዲህ ከዘፋኝ ጋር ስጫወት ለድምፁ ቦታ የምለቅበት መንገድ ጭራሽ ተቀይሯል።

ሁለተኛው ጆአኦ ዢልቤርቶ ነው። በ1958 የብራዚሉ የሙዚቃ ስልት ቦሳ ኖቫ ሲወለድ ዋናው ነገር የእሱ ቀኝ እጅ ነበር። አውራ ጣቱ ሳምባ የሚባለውን የብራዚል የጭፈራ ሙዚቃ ትልቅ ከበሮ ቦታ ይዞ ሳይዛነፍ ይሄዳል። ሌሎቹ ጣቶች የትንሿን ከበሮ ሥራ ይሠራሉ፤ ምቱን አንዴ ይቀድሙታል፣ አንዴ ይዘገዩበታል። አንድ ሰው ብቻውን ባንድ ሲሆን ማየት የሚፈልግ እሱን ይስማ።

አሜሪካዊቷን ጊታሪስት ሜይቤል ካርተርንም ሳላነሳ አላልፍም። በ1927 ከቤተሰቧ ጋር መቅረጽ ስትጀምር ዜማውን በአውራ ጣቷ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እያወጣች፣ በቀሩት ላይ ሪትሙን በጣቷ ትጠርግ ነበር። የአሜሪካዊው ዘፋኝ የጆኒ ካሽ ባንድ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ድራመር አልነበረውም። ካሽ ወረቀት በጊታሩ ክሮች መሃል ሰክቶ ሲመታ የስኔር ድራም (ቅርርር የሚል ትንሽ ከበሮ) የሚመስል ድምፅ ያወጣ ነበር። ቀላል ዘዴ ነው፣ ዛሬም ይሠራል።

ዘፋኟን ጆኒ ሚቼልን ብዙዎቻችሁ እንደምትጠሯት አውቃለሁ። ልጅ ሳለች በያዛት ፖሊዮ ግራ እጇ በመዳከሙ የክሮቹን ቅኝት እየቀያየረች የራሷን ዓለም ፈጥራለች። በጣም እወዳታለሁ። እኔን የነካችኝ ግን ከምቱ ይልቅ በኮርዶቿ ቀለም ነው።

ከማን ልጀምር ለምትሉ፣ ከጆአኦ አውራ ጣት ጀምሩ። ኮርድ እየቀያየራችሁም ሳይደናቀፍ መሄድ ሲችል ጣቶቹን ጨምሩ። ፍሬዲን ከዚያ በኋላ ስትሰሙት አራቱ ምቶች እኩል አለመሆናቸውን ጆሯችሁ ይለያል።