ልጄ የሠራልኝ ገጽ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ይሁንልኝ

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት አለኝ። ልጄ ዋጋ የምታሰላ አንዲት የኤችቲኤምኤል ገጽ ሠርቶልኛል። ያለ ኢንተርኔት ትሠራለች። ችግሩ ክሮም ውስጥ መከፈቷ ነው። ሠራተኛዬ ሳታውቀው ታቡን ትዘጋና «ጠፋ» ትለኛለች። አንዳንዴም አጠገቡ ዩቲዩብ ተከፍቶ አገኛለሁ። ልጄ «በኤሌክትሮን ፕሮግራም ላድርጋት» ይላል። ይሻላል?
እ. ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እትዬ፣ ልጅዎ ይባረክ! ኤሌክትሮኑን ግን ለጊዜው ይተወው። ኤሌክትሮን ገጽን ወደ ፕሮግራም የሚቀይር መሣሪያ ነው፤ ግን አንድ ሙሉ ክሮሚየም (ክሮም ራሱ የተሠራበትን ብሮውዘር) ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ለአንዲት ዋጋ ማስያ ከ100 ሜጋባይት በላይ! ለአንድ ሲኒ ቡና በርሜል ውሃ መጣድ ነው።

ያለዎት ክሮም ይበቃል። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የክሮም ሾርትካት ኮፒ ያድርጉና በቀኝ ክሊክ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ይግቡ። «ታርጌት» የሚለው ሳጥን ውስጥ ያለውን አይንኩ። መጨረሻው ላይ፣ ከትምህርተ ጥቅሱ ውጭ (ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው)፣ አንድ ክፍት ቦታ ይተዉ። ከዚያ ሁለት ጭረት፣ ኤ፣ ፒ፣ ፒ የሚሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ የእኩል ምልክት፣ ወዲያው የገጿ አድራሻ። ሁሉም ተያይዞ ይጻፍ። አድራሻውን በእጅ አይልፉበት፤ ገጿን ክሮም ላይ ከፍተው ከላይ ካለው መስመር ኮፒ ያድርጉት። የፎልደሩ ስም አማርኛ ከሆነ አድራሻው በፐርሰንት ምልክት ተሞልቶ ይንዛዛል፤ አጭር የእንግሊዝኛ ስም ይስጡት።

አሁን ሾርትካቱን ሲጫኑት ገጿ በራሷ መስኮት ትከፈታለች። ታብ የለ፣ የአድራሻ መስመር የለ። በኤጅም (በማይክሮሶፍቱ ብሮውዘር) ይሠራል። ዩቲዩቡን ግን አያስቆመውም፤ ክሮም እዚያው አለ። እሱን ከሠራተኛዎ ጋር ይነጋገሩበት።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ገጿ የዕለት ሒሳብም ትመዘግባለች? ፒያሳ ላለው የአክስቴ ሱቅ እንዲህ ያለ የዱቤ መዝገብ ሠርቼ ነበር። አንድ ጎረምሳ «ኮምፒውተሩን ላጽዳላችሁ» ብሎ የክሮሙን ዳታ ሁሉ ጠረገው። የሁለት ወር ዱቤ አብሮ ሄደ። አክስቴ ከነሳንቲሙ ታስታውስ ነበር፤ ተበዳሪዎቹ ግን ሁሉም አላስታወሱም። እንዲህ ያሉ ገጾች ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጡት ብሮውዘሩ ጓዳ ውስጥ፣ ሎካል ስቶሬጅ በሚባለው ላይ ነው። መስኮቷ ቢለይም ጓዳው ያው ነው። ስለዚህ ልጅዎ መዝገቡን ወደ ፋይል የምታወርድ አንዲት ቁልፍ ይጨምርባት። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ፋይሉ ፍላሽ ላይ ይገልበጥ። ፍላሹን ደግሞ ቤት ይውሰዱት፤ ኮምፒውተሩ ላይ እንደተሰካ አይደር።