አይስ ይፍረስ ወይስ ሕጉ ይቀየር?

እህታችን ትናንት ያቀረቡት ጥያቄ፣ «የአሜሪካ ምክር ቤት የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪውን በሕግ ላሻሽል ቢል ከየት መጀመር አለበት? አይስን ማፍረስስ መፍትሔ ይሆናል?» የሚል ነው። አይስ ማለት አገር ውስጥ ያሉ ስደተኞችን የሚይዘውና የሚያስወጣው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ነገር ግን በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች ለዐሥራ አራት ዓመታት በአማርኛ አስተርጓሚነት ሠርቼ ሥራውን የተውኩት በቅርቡ ስለሆነ፣ ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን በዝርዝር ልጽፍ ወድጃለሁ። የማነሣቸው ሰዎች እንዳይታወቁ ማንነታቸውን የሚያመለክት ነገር አልጠቅስም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መሥሪያ ቤት ማፍረስ ከዚህ በፊት ተደርጓል። ቆየት ያልነው ሰዎች አይ.ኤን.ኤስ. እያልን የምንጠራው የቀድሞው የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በ2002 በወጣው የአገር ውስጥ ደኅንነት ሕግ መሠረት መጋቢት 1 ቀን 2003 ፈርሶ ሥራው ለሦስት ተከፈለ፤ ማመልከቻ መመርመሩ ለዩ.ኤስ.ሲ.አይ.ኤስ.፣ ድንበር ጥበቃው ለሲ.ቢ.ፒ.፣ አገር ውስጥ ያለውን ሰው መያዝና ማስወጣቱ ደግሞ ለአይስ ተሰጠ። ይሁን እንጂ ማን እንደሚታሰር፣ ማን ዋስትና እንደሚከለከል የሚወስኑት የ1996 ሕግ አንቀጾች አንድ ቃል ሳይነካባቸው ወደ አዲሱ ባለቤት ተላለፉ። ስለዚህ ነገ አይስ ቢፈርስ፣ ያንኑ አንቀጽ ሌላ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ያስፈጽመዋል። እኔ መጀመር ያለበት ከአንቀጹ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በፕሬዚዳንት ክሊንተን ፊርማ በመስከረም 1996 የጸደቀው ያ ሕግ፣ ለአንዳንድ ሰዎች «ሊታሰር ይችላል» ይል የነበረውን አማራጭ ትቶ «ይታሰራል» የሚል ግዴታ አስቀመጠ። በአማርኛ ልዩነቱ የአንዲት ግስ ነው። በችሎት ላይ ግን ይህች ግስ ዳኛውን ከነገሩ ታስወጣዋለች፤ ሰውየው ለኅብረተሰቡ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም፣ ቢለቀቅ በቀጠሮው ይመጣል ወይስ ይጠፋል ብሎ መመዘን ቀርቶ፣ መዝገቡ ላይ የተጠቀሰው ጥፋት ከዝርዝሩ ውስጥ መገኘት አለመገኘቱ ብቻ ይታያል።

ለብዙ ዓመታት ግሪን ካርድ ይዞ የኖረ፣ ልጆች ያሳደገ አንድ ወገናችን ከቆየ የአደንዛዥ ዕፅ ይዞታ ጥፋት የተነሣ ተይዞ ለዋስትና ቀረበ። ጥፋቱ የተፈጸመው ከዓመታት በፊት ነበር፤ የተፈረደበትንም የአመክሮ ጊዜ ጨርሷል። እሱ ከማቆያው በቪዲዮ፣ እኔ ከዳኛዋ ጎን ነበርን። ዳኛዋ መዝገቡን አገላብጠው ዋስትናውን ለማየት ሥልጣን እንደሌላቸው ተናገሩ። «ዳኛዋ ዋስትናዎን ለማየት ሥልጣን የለኝም ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩለት። ወደ ካሜራው ጠጋ ብሎ፣ በጣም በትሕትና፣ «ታዲያ ሥልጣኑ ማን ጋ ነው? ወደሱ አመልክት ዘንድ ይንገሩኝ» አለ። ጥያቄውን ወደ እንግሊዝኛ መለስኩት። ዳኛዋ ለአፍታ ዝም ብለው የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ነገሩት። መልስ መስጠት የአስተርጓሚ ድርሻ ስላልሆነ እኔም ዝም አልኩ። በሰባተኛው ወር እኚያው ዳኛ ሙሉውን ጉዳይ ሰምተው ከመባረር ነጻ አደረጉትና ግሪን ካርዱን እንደያዘ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ሥራው ግን በዚያ መካከል ሄዷል። ዕድሜ ልኩን በአሜሪካ እንዲኖር የመወሰን ሥልጣን ያላቸው ዳኛ፣ ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ከልጆቹ ጋር እንዲያድር የመፍቀድ ሥልጣን አልነበራቸውም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 ይህንን የግዴታ እስር ሕገ መንግሥታዊ ነው ሲል፣ እስሩ አጭር ነው በሚል ግምት ነበር። በ2018 ደግሞ የሕጉ ቃል በየስድስት ወሩ የዋስትና ችሎት እንዲሰጥ አያደርግም ብሎ ወሰነ። ለታሳሪው የቀረው መንገድ ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄዶ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ነው፤ ይህም ብርቱ ጠበቃ ይጠይቃል። በጥር 2025 የወጣው የሌከን ራይሊ ሕግ ግዴታውን ይበልጥ አሰፋው፤ ያለ ሕጋዊ መግቢያ የገባ ሰው በሱቅ ዕቃ ስርቆት ከተያዘ ወይም ከተከሰሰ፣ ጥፋተኛ ሳይባል እንኳ መታሰር አለበት። ጥርጣሬ እንደ ፍርድ ተቆጠረ ማለት ነው፤ እኔ በዚህ አልስማማም።

ከግዴታ እስሩ ቀጥሎ መሻሻል ያለበት ሁለተኛው የጠበቃ ጉዳይ ነው። ሕጉ ጠበቃ የመያዝ መብት ይሰጣል፤ ነገር ግን «መንግሥትን ወጪ ሳያስወጣ» የሚል ሐረግ ተቀጥሎበታል። ጠበቃ የሌለው አንድ የጥገኝነት ጠያቂ ወጣት ከአገር ቤት እስር ቤት የተፈታበትን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልሎ እስከ አሜሪካ አድርሶት ነበር። ክብ ማኅተሙ፣ የመዝገብ ቁጥሩ፣ የፈራሚው ስም ሁሉ በግልጽ ይነበባል። በደንቡ መሠረት ግን ማንኛውም በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ከተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር መቅረብ አለበት፤ ማቆያ ውስጥ ያለ ብር አልባ ሰው ይህንን ከየት ያመጣል? እኔ ሁለት እርምጃ ርቄ ተቀምጬ ደብዳቤውን ማንበብ እየቻልኩ፣ የተመደብኩት ንግግር ለመተርጎም ስለነበር ዝም ማለት ነበረብኝ። ኒው ዮርክ ከተማ ከ2013 ጀምሮ ለታሳሪ ስደተኞች በሕዝብ ገንዘብ ጠበቃ ማቆም ጀምራለች። ምክር ቤቱ ቢያንስ ለታሰሩት ይህንን ማድረግ አያቅተውም፤ በሐምሌ 2025 ያጸደቀው ሕግ ለማቆያ ብቻ 45 ቢሊዮን ዶላር መድቧልና።

የኢሚግሬሽን ዳኞች የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። ከ1983 ጀምሮ ያሉበት ጽሕፈት ቤት በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሥር ነው፤ ዐቃቤ ሕጉም ውሳኔያቸውን ራሱ ወስዶ መሻር ይችላል። ራሱን የቻለ ፍርድ ቤት ይቋቋም የሚል ረቂቅ በ2022 ቀርቦ ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። እንደገና መቅረብ ያለበት ነው።

አንዳንዶቻችሁ ፕሬዚዳንቱ በመመሪያ ቢያስተካክለው ይፈጥናል ብላችኋል። ይፈጥናል፤ ግን ፈጥኖም ይሻራል። በቤተ ክርስቲያን፣ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ሰው እንዳይያዝ የሚገድበው፣ በ2011 ወጥቶ በ2021 በአዲስ የተተካው መመሪያ በሕግ ስላልተጻፈ በጥር 2025 በአንድ ቀን ተነሣ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ሁሉን አቀፍ ሕግ ካልሆነ አይረባም ትላላችሁ። ያ በ2013 ተሞክሮ፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ 68 ለ32 ካሳለፈው በኋላ የተወካዮች ምክር ቤት ለድምፅ ሳያቀርበው ቀርቷል። እኔ ትልቁን በመጠበቅ ትንሹን ማጣት አልፈልግም። ማንንም አታባርሩ የሚለውንም አልደግፍም፤ አንድ አገር የሚያስገባውንና የሚያስወጣውን የመወሰን መብት አለው፤ መባረር የሚገባቸውንም ሰዎች ጉዳይ ተርጉሜያለሁ። የምጠይቀው፣ ማንም ሰው ከታሰረ በኋላ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ ዋስትናውን ማየት የሚችል ዳኛ ፊት እንዲቀርብ፣ እስሩ አስፈላጊ መሆኑን የማስረዳት ሸክምም የመንግሥት እንዲሆን ነው።

ወደ ተወካያችሁ ቢሮ ስትደውሉ «የኢሚግሬሽን ሕጉ ይሻሻል» ብቻ ብትሉ ስልኩን የሚያነሣው ሠራተኛ አመስግኖ ይዘጋል። የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ አንቀጽ 236 ንዑስ አንቀጽ ሐ ብላችሁ ጥቀሱ፤ የግዴታ እስሩ ያለው እዚያ ነው። የጠበቃው ሐረግ አንቀጽ 292 ላይ ነው። ዜጋ የሆናችሁ፣ የምትመርጡበትን ከተማና ዚፕ ኮድ መጀመሪያ ተናገሩ፤ ከዚያ ስለምታውቁት ሰው፣ ስሙን ሳትጠሩ፣ በሁለት ደቂቃ አስረዱ። ሁለቱን አንቀጾች ወደ አማርኛ እየመለስኳቸው ነው፤ ስጨርስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።