26 አሚኖ አሲድ እንጀራ ይሆናል ወይ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አማካሪሽ ለማስተርስ መመረቂያሽ «ባሲለስ ሰብቲሊስ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ አዲስ ትንሽ ፕሮቲን (አጭር የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት) ፈልጊ» ብለውሻል። አባትሽ ደግሞ «በዓይን የማይታይ ነገር እንጀራ አይሆንም፣ ተይውና ሱቅ ልክፈትልሽ» ይላሉ። እንግሊዝኛሽም፣ 29 ዓመት መሙላትሽም ያሳስብሻል።

ርዕሱን አትተይው። እኔን የሚያሰጋኝ «አዲስ ፈልጊ» የሚለው ነው። የጂን ፊደላት የሚነበቡት ሦስት ሦስት ሆነው ነው፤ እያንዳንዱ ሦስትዮሽ ኮዶን ይባላል። ከ64ቱ ኮዶኖች «ፕሮቲኑ እዚህ ያልቃል» የሚሉት ማቆሚያዎች 3 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ፊደላቱ በዘፈቀደ ቢደረደሩ እንኳ 30 ኮዶን ያለ ማቆሚያ የመሄድ ዕድሉ ከአራት አንድ ገደማ ነው፤ ለ100 ኮዶን ግን ከመቶ አንድ አይሞላም። የጂን መፈለጊያ ፕሮግራሞች አጫጭሮቹን ሲጥሉ የኖሩት ለዚህ ነው። ኮምፒውተሩ የዕጩ መዓት ይሰጥሻል፤ አብዛኛው ገለባ ነው፣ ስታበጥሪ ዓመቱ ያልቅብሻል።

አንድ ጂን ያዢ። ከመነሻ ኮዶኑ ከ7 እስከ 9 ፊደል ቀደም ብሎ ኤጂጂኤጂጂ የሚሉ ፊደላትን የመሰለ የራይቦሶም (ፕሮቲን የሚሠራው የሕዋስ ማሽን) ማረፊያ ያለው፣ በቅርብ ዘመዶቹም ውስጥ ተጠብቆ የቆየ ይሁን። ብትችዪ አይሲኢቢኤስ1 ከሚባለው 20 ሺህ ፊደል ያህል ርዝመት ካለው ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚዛወር የዲኤንኤ ቁራጭ ምረጪ። እዚያ ባለ 5 አሚኖ አሲዱ ፒኤችአርአይ የተባለ ምልክት፣ ጎረቤት ባክቴሪያዎች ቁራጩን አስቀድመው ከያዙ እንዳይዛወር ያግደዋል።

ቀድሞ የሚሠራው ሙከራ የመነሻ ኮዶኑን ወደ ማቆሚያ መቀየር ነው። ጂኑ ሲጠፋ የታየው ለውጥ ኮዶኑ ሲቀየር ካልታየ፣ ሥራው የፕሮቲኑ ሳይሆን የአርኤንኤው (ከጂኑ የሚወጣው ግልባጭ) ሊሆን ይችላል። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ 514 ፊደል ያለው አርኤንኤ ባለ 26 አሚኖ አሲዱን ዴልታ መርዝ ያሠራል፤ ራሱም ሌሎች ጂኖችን ይቆጣጠራል። ይህን ሳትለዪ ዲፌንስ አትግቢ።

ፕሮቲኖችን በመጠን የሚለየው ጄል ላይ ብዙ ተማሪ ይሰናከላል። በተለመደው 12 በመቶ ጄል 3 ኪሎ ዳልተን ብቻ የሚመዝን ትንሽ ፕሮቲን ከቀለሙ ጋር ወርዶ ይጠፋል፤ 16 በመቶ ትሪስ ትሪሲን ጄል ተጠቀሚ። ፕሮቲኑ ከጄሉ የሚተላለፍበት ሜምብሬን ቀዳዳም 0.45 ሳይሆን 0.2 ማይክሮሜትር ይሁን። አለዚያ ፕሮቲኑ አልፎት ይሄድና ባዶ ምስል አይተሽ «የለም» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ፕሮቲኑን ለመከታተል መለያ ስትቀጥዪለት የሚያበራውን ፕሮቲን ጂኤፍፒን ተይው፤ ርዝመቱ 238 አሚኖ አሲድ ነው። ባክቴሪያው ስፖር (ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት ጠንካራ ቅርጽ) ለመሥራት የግድ የሚያስፈልገው ስፖቪኤም የተባለ ፕሮቲን ግን 26 ብቻ ነው፤ የግመል ጭነት ዶሮ ላይ አይጫንም። ባለ 8 አሚኖ አሲዱ ፍላግ የተባለ መለያ ይሻላል፣ እሱንም በሁለቱም ጫፍ በተለያየ ስትሬይን (የባክቴሪያው ዘር) ሞክሪው።

አባትሽ በዚህ ጉዳይ ተሳስተዋል። ሱቅ ከሁለት ዓመት በኋላም ይከፈታል፤ በጅምር የተተወ ማስተርስ ግን እምብዛም አይጨረስም። ቀጣሪ ስለ ስፖቪኤም አይጠይቅሽም፤ ክሎኒንግ (ጂን ቆርጦ መቀጠል)፣ ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በአንቲቦዲ መለየት) እና የጂኖም ፋይል ማንበብ መቻልሽን ነው የሚያየው። ቴትራሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ለመቋቋም የሚያስችለውን ቴትኤም ጂን ተሸክሞ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚዛወረውን ቲኤን916 የተባለ የዲኤንኤ ቁራጭ ከጂኖም ላይ ለይቶ የሚያወጣ ሰው ለመድኃኒት መላመድ ክትትል ያስፈልጋል። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም፣ በኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም አመልክቺ።

29 ዓመት ምንም አይደለም፤ እንግሊዝኛውን በየቀኑ አንድ የሙከራ ዘዴ ክፍል እያነበብሽ አሻሽዪው።

ፕራይመሮቹ (ጂኑን ለማባዛት የሚያገለግሉ አጫጭር ዲኤንኤዎች) እና ፍላግን ለይቶ የሚይዘው አንቲቦዲ ፕሮፖዛሉ ሳይጸድቅ ይታዘዙ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ወራት ይፈጃል። ወጪውን ዲፓርትመንቱ ይሸፍን እንደሆነ አማካሪሽን በዚህ ሳምንት ጠይቂያቸው። ከኪስሽ ክፈዪ ካሉሽ ርዕሱን ሳይሆን አማካሪውን ቀይሪ።