«ስትደርስ» ወይስ «ሳትደርስ»? መንገድ የጠፋበት ሰውና አማርኛው

ጥያቄ፦ «ወደማላውቀው ሰፈር ስሄድ መንገድ ጠፋብኝና አንዲት እናት ጠየቅኩ። "ልጄ፣ ድልድዩ ጋ ሳትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ" አሉኝ። እኔ ግን የሰማሁት "ስትደርስ" ብለው ነው። ድልድዩ ድረስ ሄጄ ታጠፍኩና ከአንድ ሰዓት በላይ ተንከራተትኩ። ተመልሼ ስጠይቃቸው "ሳትደርስ ነበር እኮ ያልኩህ" አሉኝ። ማታ ነገሩን ለጓደኛዬ ጽፌ ስልክለት ደግሞ ሁለት እርማት መለሰልኝ፤ "ድልድዩ ጋር" ሳይሆን "ድልድዩ ጋ" ነው፣ "ጠፋሁ" ሳይሆን "መንገድ ጠፋብኝ" ነው የሚባለው አለኝ። እውነቱን ነው? ደግሞስ ያጠፋው የእኔ ጆሮ ነው ወይስ ቋንቋው?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ጆሮዎ አላጠፋም። እኚያ እናትም በትክክል ነው የተናገሩት። የተሳሳታችሁት አማርኛ አሉታን በአንዲት አናባቢ ላይ ብቻ በሚያንጠለጥልበት ቦታ ላይ ነው፤ በዚያ ቦታ ደግሞ ማንም ሊሳሳት ይችላል።

«ስትደርስ» እና «ሳትደርስ» ወረቀት ላይ ሲታዩ የተራራቁ ይመስላሉ። በጆሮ ግን የሚለያቸው የመጀመሪያው ፊደል አናባቢ ነው፤ አንዱ በሳድሱ «ስ»፣ ሌላው በራብዑ «ሳ» ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አንድ ነው፤ «ት» እንኳ በሁለቱም ውስጥ ጠብቃ ነው የምትሰማው። መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያዳምጥ፣ በዚያ ላይ ለደከመውና ለተጨነቀ ሰው፣ ይህች አናባቢ ብታመልጠው አይገርምም።

ለምን እንዲህ ሆነ? በዋና ዐረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛ አሉታን ከፊትም ከኋላም አጥሮ ነው የሚናገረው። «አልደርስም» ስንል ከፊት «አል» አለ፣ ከኋላ «ም» አለች። የፊተኛው ቢያመልጠን የኋለኛዋ ትደርስልናለች። ግሱ ጥገኛ ሐረግ ውስጥ ሲገባ ግን «ም» ትወድቃለች፤ «ሳልደርስም» ብለን መንገድ አናሳይም። ስለዚህ አሉታው የሚቀረው ከፊት ብቻ ነው። እሱም ራሱን ችሎ አይቆምም፤ «ስ» ከ«አትደርስ» ጋር ሲገናኝ «አ» ከ«ስ» ጋር ተዋሕዶ «ሳ» ይሆናል። ሁለት ምልክት የነበረው ነገር አንድ አናባቢ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ልብ ይበሉ፣ ይህ ችግር በሁሉም መደብ ላይ የለም። በ1ኛ መደብ ነጠላ «ስደርስ» እና «ሳልደርስ» እንላለን፤ «ል» ስላለች ማንም አይሳሳትም። ለወንድ 3ኛ መደብ «ሲደርስ» እና «ሳይደርስ» ነው፤ እዚያም «ይ» ትለየዋለች። «ት» እና «ን» ባሉበት ግን «ል» ትዋጣለች። «አትደርስም»፣ «አንደርስም» ስንል የአሉታው «ል» በሚከተለው ፊደል ውስጥ ገብታ እሱን አጥብቃው ትቀራለች። ስለዚህ አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ፣ እሷ እና እኛ በሚባልበት ሁሉ ልዩነቱ ያች አናባቢ ብቻ ናት፤ «ስትደርሺ» እና «ሳትደርሺ»፣ «ስንደርስ» እና «ሳንደርስ»። መንገድ ሲያሳዩ ደግሞ የሚነገረው ለ2ኛ መደብ ነው። የአክብሮቱ አነጋገር የ3ኛ መደብን ቅርጽ ስለሚይዝ ከዚህ ያመልጣል፤ እኚያ እናት «ሲደርሱ» ወይም «ሳይደርሱ» ቢሉዎት ኖሮ አይምታታብዎትም ነበር። ልጃቸው ለሚሆን ሰው ግን «አንተ» ማለታቸው ተገቢ ነው።

ነገሩ በ«ስ» ላይም አያበቃም። «እንድትታጠፍ» እና «እንዳትታጠፍ»፣ «ብትሻገር» እና «ባትሻገር»፣ «የምትገባበት» እና «የማትገባበት» ሁሉም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ሁሉም በሳድስና በራብዕ ብቻ ይለያያሉ፣ ሁሉም ተቃራኒ ነገር ያዛሉ።

ታዲያ መንገድ የሚያሳይ ሰው ምን ይበል? አሉታውን ከጥገኛው ሐረግ አውጥቶ በትእዛዝ ይናገረው። «ድልድዩን አትሻገር። ከድልድዩ በፊት ወደ ግራ ታጠፍ።» «ተሻገር» እና «አትሻገር» በነፋስም በጫጫታም መሀል ይለያሉ። «ከመድረስህ በፊት» ማለትም ጥሩ ነው፤ ረዘም ቢልም «በፊት» የምትለው ቃል ብቻዋን እንኳ ብትሰማ ትበቃለች። «ከድልድዩ ወዲህ» የሚለውም እጅግ የምወደው አማርኛ ነው፤ አጭርና ግልጽ ነው። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። «ወዲህ» እና «ወዲያ» የሚለኩት ከተናጋሪው እግር ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ቦታ ቆመው ሲነጋገሩ ምንም ችግር የለም። በስልክ ከሆነና ጠቋሚው ከድልድዩ ማዶ ተቀምጦ «ከድልድዩ ወዲህ ነው» ካለ ግን የእሱ «ወዲህ» ለመንገደኛው «ወዲያ» ነው። በስልክ ሲሆን «አንተ ካለህበት ስትነሣ ከድልድዩ ማዶ» ብሎ መነሻውን መናገር ይሻላል።

አሁን ወደ «ጋ» እና «ጋር»። ጓደኛዎ እዚህ ላይ ልክ ነው። «ጋ» ቦታን ታመለክታለች፣ «ጋር» አብሮነትን። «ወንድሜ ጋ ሄድሁ» ያለ ሰው ወንድሙ ወዳለበት ነው የሄደው። «ከወንድሜ ጋር ሄድሁ» ያለ ሰው ደግሞ ከወንድሙ እኩል ነው የተራመደው። በንግግር ሁለቱ ሲቀላቀሉ እሰማለሁ፤ «እኔ ጋር ና» የሚል ብዙ ነው፣ «ከእሷ ጋ መጣሁ» የሚልም አለ። በፊት ለፊት ንግግር ብዙ አይጎዳም፤ «ከ» መኖሯና አለመኖሯ ለሰሚው ይጠቁመዋል። በጽሑፍ ግን ልዩነቱ እንዲጠበቅ አጥብቄ እፈልጋለሁ። «አስተማሪው ጋር ጠብቀኝ» የሚል መልእክት ሲደርስዎ አስተማሪው ያሉበት ቦታ ሄደው ነው የሚጠብቁት ወይስ ከአስተማሪው ጋር አብረው ሆነው? «አስተማሪው ጋ» ቢባል ጥያቄው አይነሣም ነበር። ድልድይም አብሮን አይሄድም፤ ስለዚህ «ድልድዩ ጋ» ብለው ይጻፉ።

ነገር ግን «ጋ» ብቻዋን መንገድ ለማሳየት ትሳሳለች። «ድልድዩ ጋ ታጠፍ» ሲባል ከፊቱ ነው፣ ላዩ ላይ ነው፣ ወይስ ካለፉት በኋላ ነው? ሦስቱንም ትይዛለች። አማርኛ ደግሞ ለዚህ የሚሆን እጅግ የረቀቀ መሣሪያ አለው፤ ስንጠቀምበት ስለምንኖር ልብ አንለውም እንጂ። «ድልድዩን አልፈህ» ሲባል የቱን ያህል እንደሚታለፍ አልተነገረም፤ ረጅም መንገድም ሊሆን ይችላል። «ድልድዩን አለፍ ብለህ» ሲባል ግን ልኩ ታወቀ፤ ጥቂት እርምጃ ነው። «ወርደህ» እና «ወረድ ብለህ»፣ «ገብተህ» እና «ገባ ብለህ»፣ «ተመልሰህ» እና «መለስ ብለህ» እንደዚሁ ናቸው። ግሱ «አለ»ን ተደግፎ ሲለሰልስ ድርጊቱም በመጠን ያንሳል። «ድልድዩን አለፍ እንዳልህ» ቢባልማ ሰሚው ዐይኑን የት ላይ እንደሚጥል ጭምር ያውቃል። ሜትር ሳይጠሩ ርቀትን መለካት ማለት ይህ ነው። መንገድ ሲያሳዩ «ትንሽ» እና «ብዙ» ከሚደጋግሙ እነዚህን ቢጠቀሙ ሰሚው ይበልጥ ይጠቀማል። «ራቅ ብሎ» ሲባል መንገዱ መለስተኛ ርዝመት እንዳለው ይታወቃል፣ «ሩቅ ነው» ሲባል ደግሞ ሰሚው ትራንስፖርት ያስባል።

ስለ ቀኝና ግራም አንዲት ነገር። «ከሕንፃው በስተቀኝ» ሲባል የሕንፃው ቀኝ ነው ወይስ የተመልካቹ? ፊት ለፊት ሲቆሙ ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው። «በቀኝህ ታገኘዋለህ» ወይም «ሕንፃውን በቀኝህ ትተህ እለፍ» ሲባል ግን ባለቤቱ ታወቀ። ይህችን «ህ» አይዝለሏት።

«ጠፋሁ» የሚለው ላይ ከጓደኛዎ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። «መንገድ ጠፋብኝ» ስንል የጠፋው መንገዱ ነው፤ «ብኝ» ደግሞ ጉዳቱ በማን ላይ እንደወደቀ ትናገራለች፣ ልክ «ቁልፍ ጠፋብኝ» እንደሚባለው። «ጠፋሁ» ሲባል ግን የጠፋው ሰውየው ነው፤ ሰው የሚጠፋው ደግሞ ለሚፈልገው ወይም ለሚጠብቀው ሰው ነው። «ልጁ ጠፋ» የሚሉት ቤተሰቦቹ ናቸው። ብዙ ጊዜ ያልተያየ ወዳጅ «ምነው ጠፋህ?» የሚለንም ስለፈለገን ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ያገኙትን እንግዳ ሰው ሲጠይቁ «መንገድ ጠፋብኝ» ማለት ይስማማል። እቤቱ ቁጭ ብሎ ለሚጠብቅዎ ጓደኛ ደውለው «ጠፋሁ» ቢሉት ግን ምንም ስሕተት የለበትም።

እንዲያውም ለጠፋ ሰው ያሉን ቃላት እያንዳንዳቸው ለሚረዳን ሰው የተለየ ነገር ይነግሩታል። «መንገድ ሳትሁ» ያለ ሰው መሄጃውን ያውቀው ነበር፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ያለ መታጠፊያው ታጠፈ፤ ወደ ሳተበት ቦታ መመለስ ይበቃዋል። («ሳተ» እና «ስሕተት» ከአንድ ግንድ ናቸው።) «ዞረብኝ» ያለ ሰው ቦታውን ሊያውቀው ይችላል፣ አቅጣጫው ግን ተገልብጦበታል፤ እሱን ይዞ ፊቱን ወደሚሄድበት ማዞር ነው። «ግራ ገባኝ» ያለው ከመንገዱም በላይ ሐሳቡ ተምታቶበታል፤ ከመንገዱ በፊት መረጋጋት ያስፈልገዋል። «መንገድ ጠፋብኝ» ያለ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያው ይነገረው። ጠያቂው ትክክለኛውን ቃል ከመረጠ መልሱም አጭር ይሆንለታል።

አጠያየቁም እንዲሁ ነው። «የት ነው?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት ጣትና «እዚያ ነው» የሚል መልስ ነው፤ የጠየቁት ስለ ቦታ ነውና። «በየት ነው የሚኬደው?» ሲሉ ግን መንገዱን ጠየቁ። ይህ አነጋገር ሌላም ጥቅም አለው፤ ባለቤት የለውም። እንግዳውን ሰው «አንተ» ልበለው ወይስ «እርስዎ» የሚለው ጭንቀት አይመጣም። «ሄደ» ብለን ስናበቃ «ተሄደ» ሳይሆን «ተኬደ»፣ «ይኬዳል» ማለታችን ደግሞ የቃሉን ጥንተ ነገር ያስታውሳል፤ ቀድሞ «ኼደ» ተብሎ ይጻፍ ነበር፣ በግእዝም «ኬደ» ማለት ረገጠ ማለት ነው። በየት ነው የሚኬደው የሚል ሰው በየት በኩል ነው የሚረገጠው እንደማለት ነው።

ሰሚው በበኩሉ ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ብዙዎቻችን መንገድ ሲነገረን «እሺ፣ እሺ» እያልን እናዳምጣለን። «እሺ» ግን የሰማነውን አትናገርም። የሰሙትን ወደ 1ኛ መደብ መልሰው ቢደግሙት ኖሮ ያች የተዋጠችው «ል» ተመልሳ ትወጣ ነበር፦

— ልጄ፣ ድልድዩ ጋ ሳትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ።
— ስደርስ ልታጠፍ፣ ወይስ ሳልደርስ?
— ሳትደርስ ነው ልጄ፤ ድልድዩን አትሻገር።