የተዘጋ የኖራ ካባ ስታገኙ አትቸኩሉ

ልጆቼ፣

ሥራ የጀመራችሁ ወጣት ጂኦሎጂስቶች፣ አርክቴክቶችና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ታመጡልኛላችሁ። «የተዘጋ የኖራ ድንጋይ ካባ አለ፤ አጠገቡም የፈራረሰ የኖራ እቶን ቆሟል። ምን ብናደርገው ይሻላል?» ትላላችሁ። እውነቱን ለመናገር አብዛኞቻችሁ መልሱን ይዛችሁ ነው የምትመጡት። አንዱ ይደፈን ይላል። ሌላዋ መዝናኛ ይሁን ትላለች። ሦስተኛው አፈር እናልብሰውና ዛፍ እንትከልበት ብሎ ዲዛይኑን ሳይቀር ከላፕቶፑ አውጥቶ ያሳየኛል። ጉጉታችሁ ደስ ይለኛል። ጥድፊያችሁ ግን ያሳስበኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ድንጋይ በሚወጣባቸውና ድንጋይ ወጥቶ ባለቀባቸው ቦታዎች ነው። ሁለተኞቹ ይበልጥ ያስተምራሉ። እዚያ የሠሩት ሰዎች ያሰቡትንና የቸገራቸውን ሁሉ ግድግዳው ላይ ትተውት ሄደዋል። ስለዚህ ምን ይሁን ከማለታችሁ በፊት ምን እንደነበር አንብቡ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ከድንጋዩ እንጀምር። የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወጣና ኖራው ይቀራል። ድንጋዩ ንጹሕ ከሆነ ከ100 ኪሎ 56 ኪሎ ኖራ ይገኛል። 44ቱ ኪሎ ከጭሱ ጋር ሄደ ማለት ነው። ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት፤ የቦታውን አቀማመጥ ግማሹን እሱ ያስረዳችኋል። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉን በጭስ የሚያጣውን ነገር ሩቅ ወስዶ ማቃጠል ኪሳራ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ እቶኑ ካባው እግር ሥር ይሠራል፤ የድንጋይ ከሰሉም ወደ ድንጋዩ ይመጣል። ታዲያ ከሰሉ በምን መጣ ብላችሁ ጠይቁ። ዘወር ዘወር ብትሉ ሣር የዋጠው የባቡር መስመር ወይም የደረቀ የጀልባ ቦይ ታገኛላችሁ።

እቶኑ ለምን ዳገት ተደግፎ እንደቆመም ተመልከቱ። ድንጋዩና ከሰሉ ከላይ በጋሪ እየመጣ አፉ ላይ ይገለበጣል። የተቃጠለው ኖራ ከታች ባለው ቅስት በኩል ይዛቃል። ድንጋዩን ቁልቁል የሚያወርደው የራሱ ክብደት ነው። ከላይ እየሞሉ ከታች እየዛቁ እሳቱን ሳያጠፉ ለረጅም ጊዜ መሥራት ይቻላል። ሌሎች እቶኖች ግን እንዲህ አይደሉም። ይሞላሉ፣ ይነድዳሉ፣ እስኪቀዘቅዙ ይጠበቃሉ፣ ባዶ ከሆኑ በኋላ እንደገና ይሞላሉ። በየዙሩ ያን ወፍራም ግድግዳ እንደ አዲስ ማሞቅ አለ። የሚባክነው ነዳጅ ይታያችሁ።

ይህን ብክነት በሚገርም መንገድ የቀነሰው ፍሪድሪክ ሆፍማን የተባለ ጀርመናዊ ነው። በ1858 የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ በዋናነት ያሰበው ስለ ጡብ ነበር፤ ኖራ አቃጣዮች ግን ቶሎ ወሰዱት። ክፍሎቹን በቀለበት ደረደራቸው። ድንጋዩ የተቀመጠበት ይቆያል፤ የሚዞረው እሳቱ ነው። ከሚነድደው ክፍል የሚወጣው ትኩስ ጋዝ ተራ የሚጠብቀውን ክፍል ያሞቃል። ነዶ የጨረሰው ክፍል ደግሞ ሲቀዘቅዝ ሙቀቱን ለሚገባው አየር ያስረክባል። ከኋላ የበሰለው ይወጣል፤ ባዶው ክፍል በአዲስ ድንጋይ ይሞላል፤ እሳቱ ዙሩን ይቀጥላል። በሰሜን እንግሊዝ ላንግክሊፍ በሚባል ቦታ በ1873 የተሠራ ባለ 22 ክፍል የሆፍማን እቶን ዛሬም አለ። ጎብኚ ገብቶ እሳቱ ይሄድበት በነበረው መንገድ በእግሩ ይዞራል። ስለ ኃይል ቁጠባ ብዙ ስላይድ ለምታዘጋጁ ልጆች አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ እቶን ውስጥ መግባት ከብዙ ሴሚናር ይበልጣል ባይ ነኝ።

ወደ ካባው ግድግዳ እንመለስ። ፈንጂ ሊቀመጥበት የተበሳው ቀዳዳ ግማሹ ድንጋዩ ላይ ቀርቶ ታያላችሁ። በመዶሻ የተበሳው አጭርና ወጣ ገባ ነው። በማሽን የተበሳው ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ባሩድ ድንጋዩን ገፋ አድርጎ በትልልቁ ይለያየዋል። ኖቤል በ1867 የፈጠራ መብት ያገኘበት ድማሚት ግን ይሰባብረዋል። ስለዚህ ግድግዳውን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ስትሄዱበት የሥራው ዘመን ሲቀየር ታያላችሁ። ከዚያ የቆሻሻ ክምሩን አትዝለሉ። አመድ አለ፤ መሐሉ ሳይበስል የቀረ ድንጋይ አለ፤ ከመጠን በላይ የተቃጠለም አለ። ይህ የመጨረሻው ተንኮለኛ ነው። ውሃ ቶሎ አይጠጣም። ልስን ውስጥ ገብቶ ዝም ብሎ ይቆይና ከብዙ ጊዜ በኋላ እያበጠ ግድግዳውን ያፈነዳዋል። የክምሩ ትልቅነት የእሳት ጠባቂዎቹ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይነግራችኋል። የሙቀት መለኪያ የላቸውም፤ የሚፈርዱት በእሳቱ ቀለም ነው።

ከእቶን የወጣ ኖራ ውሃ ሲነካው በኃይል ይግላል፣ ይፈላል፣ ተፈርፍሮ ዱቄት ይሆናል። ዝናብ ስለሚፈራ ጣሪያ ባለው ፉርጎ ይጫን ነበር። በመርከብ ሲጓዝ ውሃ ገብቶ እሳት ያስነሳበት ጊዜም ነበር። ሠራተኞቹ ደግሞ ይህን ነገር በአካፋ ሲዝቁ ነው የሚውሉት። ላብ ውሃ ነው። ዓይንም እርጥብ ነው። ምን እንደሚከተል ገመቱት። በብርድ ሌሊት መጠለያ የሌላቸው ሰዎች ሙቀት ፍለጋ እቶኑ አፍ አጠገብ ይተኙ ነበር። አንዳንዶቹ አልተነሡም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። ስለ ድሮ ሥራ ስትጽፉ «ወርቃማ ዘመን» የምትለዋን ነገር ተዉልኝ።

ኖራ ግን ዓለምን የገነባ ነገር ነው። ዛሬ ዮርዳኖስ ውስጥ ባለው ዓይን ጋዛል ከ8,000 ዓመት በላይ አስቀድሞ ከኖራ ልስን ሐውልት ይሠሩ ነበር። ቆዳ ፋቂው ፀጉር ያስለቅቅበታል። ገበሬው የአፈሩን አሲድ ያበርድበታል። ስኳር ፋብሪካ ጭማቂ ያጣራበታል። ብረት አቅላጭም ያለ ኖራ ድንጋይ ሥራ የለውም። ታዲያ ያ ሁሉ ትንንሽ እቶን ለምን ተዘጋ? ሲሚንቶ ትልቁን ድርሻ ይዟል። ጆሴፍ አስፕዲን በ1824 ፖርትላንድ ሲሚንቶን ካስመዘገበ በኋላ ነገሩ በአንድ ቀን አልተለወጠም፤ ቀስ እያለ ግን ግንበኛው ቶሎ የሚጠነክረውን መረጠ። የቀረውን የኖራ ገበያ ደግሞ ትልልቅ ፋብሪካዎች ወሰዱት። ከትንሹ እቶን ጋር የእጅ ዕውቀቱም አብሮ ጠፋ።

የዚህ መዘዝ በኋላ መጣ። በኖራ የተገነባ አሮጌ ሕንፃ እርጥበቱን በመጋጠሚያዎቹ በኩል ያስወጣል። ይህንኑ ሕንፃ በሲሚንቶ ስትጠግኑት እርጥበቱ መውጫ ያጣል። ድንጋዩ ራሱ መላጥ ይጀምራል። ብዙ ጥንታዊ ግንብ በዚህ «ጥገና» ነው የተጎዳው። በእንግሊዝ ዌልስ በምትባል ከተማ ያለው ካቴድራል የፊት ገጽ ሐውልቶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኖራ ሲታከሙ ብዙ ባለሙያዎች ወደ አሮጌው ዕውቀት ዞር አሉ። የፈረሰ እቶን የሚጠገነውም በኖራ ነው። አደራ፣ ኮንትራክተሩ ሲሚንቶ ከረጢት ይዞ ከመጣ መልሱት።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልምጣ። ቦታው ምን ይሁን? ካየኋቸውና ካጠናኋቸው የተሳካላቸው ቦታዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ፤ የቀረውን ነገር ተጠቅመውበታል። በካናዳ ቫንኩቨር ደሴት የሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ አውጥቶ ጉድጓዱን ጥሎት ነበር። የባለቤቱ ሚስት ጄኒ ቡቻርት አፈር በፈረስ ጋሪ አስመጥታ ጉድጓዱ ውስጥ አትክልት ተከለች። ሥራው በ1921 ተጠናቀቀ። ጉድጓዱን አልደፈነችም፤ ጥልቀቱን ነው ውበት ያደረገችው። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ዛሬም ከዛፎቹ በላይ ይታያል።

በስዊድን ሬትቪክ አቅራቢያ ደግሞ ዳልሃላ አለ። በ1990 ሥራ ያቆመ፣ 60 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ካባ ነው። ማርጋሬታ ዴለፎርስ የምትባል የኦፔራ ዘፋኝ ክፍት የትርዒት ቦታ ስትፈልግ አገኘችው። የድንጋዩ ግድግዳ ድምፅን እንዴት እንደሚመልስ ገባት። በ1993 ሙከራ ተደረገ። ዛሬ 4,000 ሰው የሚይዝ የሙዚቃ መድረክ ነው። ልብ በሉ፤ ያየችው የጎደለውን ሳይሆን ያለውን ነው። መሐንዲስ ያላየውን ዘፋኝ አየችው። ይህ ለእኛ ሙያ ትንሽ ያሳፍራል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው በእንግሊዝ ደድሊ ከተማ ያለው ሬንስ ኔስት ነው። ጌጥ የለውም። ድንጋዩ ለብረት ማቅለጫና ለኖራ ሲወጣ ከ420 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የባሕር ወለል ተገለጠ። ከ700 በላይ ዓይነት ቅሪተ አካል ተገኝቶበታል። ቆፋሪዎቹ ትራይሎባይት የሚባለውን ፍጥረት «የደድሊ ትኋን» ብለው ይጠሩት ነበር፤ ከተማዋም አርማዋ ላይ አኖረችው። ቦታው በ1956 ለጂኦሎጂው ሲባል ብሔራዊ የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። የቀሩት ዋሻዎች ለሌሊት ወፍ መጠለያ ናቸው። አስቡት፤ አንድ ሰው «እናስውበው» ብሎ ያን ግድግዳ አፈር ቢያለብሰው ኖሮ!

አፈር ስል፣ ብዙዎቻችሁ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የኖራ ካባ ወለል ድሃ ነው። አፈሩ ስስ፣ ውሃው ቶሎ የሚሰርግ፣ ምግቡ ትንሽ። ይህ ድህነት ግን ሀብት ነው። ለም አፈር ላይ ጉልበተኛ ሣርና ቁጥቋጦ ሌላውን ውጦ ብቻውን ይነግሣል። ድሃ አፈር ላይ ማንም ስለማይጠነክር ብዙ ዓይነት ተክል ተቻችሎ ይበቅላል። በአውሮፓ አሮጌ የኖራ ካባዎች የኦርኪድና የቢራቢሮ መሸሸጊያ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ጭልፊቶችም ገደሉ ላይ ይፈለፍላሉ። እናንተ በቀና ልብ ጥቁር አፈር ብታፈሱበት ይህን ሁሉ ቀብራችሁ ተራ ሣር ታበቅላላችሁ። መጀመሪያ የዕፅዋት ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ፤ በአንድ ወቅት ብቻም አይደለም።

ቆሻሻ ይጣልበት የሚለውን ሐሳብ በግልጽ እቃወማለሁ። የኖራ ድንጋይ ስንጥቅ የሞላበት ነው። ውሃ ስንጥቁን እያሟሟ መንገዱን ያሰፋዋል። ከቆሻሻው የሚወርደው ፈሳሽ በዚያው መንገድ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል፤ እንደ አሸዋ ቀስ ብሎ የሚያጣራው ነገር የለም። ሩቅ ያለ ምንጭ ላይ በአጭር ጊዜ ብቅ ሊል ይችላል። ጉድጓድ ስላለ ብቻ ይሞላ ማለት ስንፍና ነው።

የጉድጓዱ ውሃም ያታልላል። በእንግሊዝ ባክስተን አጠገብ ሃርፐር ሂል የሚባል ካባ አለ። ውሃው እንደ ፖስትካርድ ሰማያዊ ነበር። ሰው እየተንጋጋ ሊዋኝበት ይሄድ ነበር። የአሲድና የአልካላይ ልኬቱ (ፒኤች፤ 7 ገለልተኛ ነው) ግን 11.3 ነበር፤ ለአሞኒያ የቀረበ ማለት ነው። የተጣለው የኖራ ዝቃጭ ነው እንዲህ ያደረገው። ማስጠንቀቂያ ተለጠፈ፤ ማን ሰማ! በመጨረሻ በ2013 የአካባቢው ምክር ቤት ውሃውን ጥቁር ቀለም ነከረው። መልኩ ሲጠፋ ዋናተኛውም ቀነሰ። እኔ ይህን ታሪክ ስሰማ ብስቅም ትምህርቱን ወስጃለሁ፤ ሰውን ከምልክት ይልቅ ዓይኑ ይመራዋል። ኖራ ያልተጣለበት የካባ ውሃም ቢሆን ከላይ ሞቆ ከታች በረዶ ሊሆን ይችላል። ጠርዙ ቀጥ ያለ ገደል ስለሆነ የገባ ሰው መውጫ ያጣል። ውሃውን ሳታስመረምሩና ጠርዙን ሳታስተካክሉ ስለ ጀልባ አታውሩኝ።

አንድ ሥራ ግን አይዘግይ። እቶኑ አሥር ዓመት ሊጠብቃችሁ ይችላል፤ እዚያ የሠሩ ሽማግሌዎች አይጠብቁም። ፈልጓቸው። ቁጭ ብላችሁ አዋሩአቸው። «ሥራው እንዴት ነበር?» አትበሉ፤ መልሱ «ደህና ነበር» ይሆናል። ፓምፑ የት ነበር? ሲቆም ውሃው በስንት ጊዜ ሞላ? የተበላሸው ኖራ የት ይጣል ነበር? ከመሬት በታች የተቆፈረ ቦታ አለ? ካለ በየት በኩል ይገባል? እያላችሁ ጠይቁ። የድሮውን ካርታ ዘርግታችሁ በጣታቸው ያሳዩአችሁ። ድምፃቸውን ፈቃድ ጠይቃችሁ ቅዱት፤ ቀኑንና ቦታውን ጻፉበት። አንድ ቅጂ ስልካችሁ ላይ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ቤተ መዛግብት ይቀመጥ። ዲዛይኑን ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ ላይ ክፈቱትና እንነጋገራለን።